የማትበላዋን ልጅ ያዳመጠች ሐኪም፦ የዶክተር ሂልደ ብሩኽ ሕይወትና ሥራ



በዚህ ዓምድ የሴቶችን የሕይወት ታሪክ ስናቀርብ ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ከአገራችን ነው። በየጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ የጉራጌ ሴት በትዳሯ ላይ መብት እንዲኖራት የተከራከረችውን የቃቄ ወርድወትን የማያውቅ አባል የለንም። የዛሬዋ እንግዳችን ግን ከሩቅ ናት። የተወለደችው ጀርመን ነው፤ ብዙውን ዕድሜዋን የሠራችውና ያረፈችው አሜሪካ ነው፤ ካረፈችም አርባ ዓመት አልፏል። ስሟ ዶክተር ሂልደ ብሩኽ ይባላል። መጀመሪያ የሕፃናት ሐኪም፣ ኋላም የአእምሮ ሐኪምና ተመራማሪ ነበረች።

ለምን እሷን መረጥን? የቁጠባ ሒሳብ ተዘግቶ ቡናው ሲቀርብ ወሬው ወደ ልጆች ይዞራል። በወልቂጤም በቡታጅራም የምንሰማው ተመሳሳይ ነው። አንዷ ልጄ ቁርስ ከተወች ቆየች፣ አሁን ደግሞ እራትም አልፈልግም ማለት ጀመረች ትላለች። ሌላዋ ልጄ ፎቶዋን በስልኳ ሳታቀጥንና ሳታቀላ ለማንም አታሳይም ትላለች። ሦስተኛዋ ፊት የሚያቀላ ክሬም ከልጇ ቦርሳ አግኝታ ደንግጣለች። ድሮ እናት የምትጨነቀው ለልጇ የምታቀርበው ሲጠፋ ነበር። አሁን ቀርቦላት የማትበላ ልጅ መጣች። እኛም የምናውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ብይ እንላለን፣ እንለምናለን፣ እንቆጣለን፣ ሲብስም እንሳለቃለን።

ሂልደ ብሩኽ ሥራዋን በሙሉ ያዋለችው ለዚሁ ጉዳይ ነው። ሰው ስለ ገዛ ሰውነቱ በልቡ የሚይዘው ምስል ከየት ይመጣል? ሲዛባስ ሰውን ምን ያደርገዋል? ብላ ጠየቀች። ያገኘችውን መልስ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብንጨምቀው፣ ከማትበላ ልጅ ከምግቡ በፊት የጎደለው የሚሰማት ሰው ነው የሚል ነው። እንዴት እዚህ መልስ ላይ እንደ ደረሰች ለማወቅ ሕይወቷን ከመጀመሪያው እንከተል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የከብት ነጋዴው ልጅ

ሂልደ የተወለደችው ማርች 11 ቀን 1904 በጀርመን ምዕራብ፣ በራይን ወንዝ አካባቢ፣ ለሆላንድ ድንበር በምትቀርበው ዱልከን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ቤተሰቡ አይሁዳዊ ነበር። አባቷ የከብት ነጋዴ ሲሆን ሰባት ልጆች ነበሩት። በከብት ንግድ በሚተዳደር፣ ልጅ በበዛበት ቤት ማደግ ምን እንደሚመስል ለእኛ አካባቢ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ልጅቷ የምትወደው ሒሳብ ነበር፤ የሒሳብ ሊቅ የመሆን ሕልም ነበራት። አጎቷ ግን ለአይሁዳዊት ሴት በሒሳብ እንጀራ መብላት እንደማይቀልላት፣ ሕክምና ብትማር ግን በየትም አገር ሥራ እንደማታጣ መከራት። ይህን ምክር ሰምታ ሕክምና ገባች። ኋላ የሆነውን ስናይ አጎቷ ልክ ነበር፤ ሕይወቷን ያተረፈላት በየትም አገር የሚያሠራው ያ ሙያ ነው። የልጅነት ፍላጎቷም ባክኖ አልቀረም፤ ለመለካትና ለማረጋገጥ ያላት ጉጉት ወደ ምርምሯ ገባ።

በ1929 ከፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ዶክትሬት ተመረቀች። ከዚያም በኪልና በላይፕሲግ ከተሞች ምርምርና የሕፃናት ሕክምና ተማረች። ነገር ግን በዩኒቨርሲቲዎቹ ውስጥ በአይሁዶች ላይ የነበረው ጥላቻ እየከረረ ስለመጣ፣ የምርምር ሥራዋን ትታ በግሏ ሕፃናትን ማከም ጀመረች። ይህም ዓመት እንኳ በቅጡ አልቆየም። በ1933 ሂትለር ሥልጣን ያዘ። በአይሁድ ሐኪሞችና ነጋዴዎች ላይ አድማ ታወጀ። የ29 ዓመቷ ሂልደ ክሊኒኳን ዘግታ ወደ እንግሊዝ ተሰደደች።

ስደትና አዲስ አገር

ለንደን ውስጥ አንድ ዓመት ያህል የሠራችው በከተማዋ ምሥራቅ፣ ድሆች በሚበዙበት ሰፈር፣ በአንድ የወሊድ ሆስፒታል ነው። በ1934 አትላንቲክን ተሻግራ ኒው ዮርክ ገባች፤ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የሕፃናት ሆስፒታልም ሥራ አገኘች። በሠላሳ ዓመቷ ቋንቋውን፣ አገሩንና ሥራውን እንደ አዲስ ጀመረች።

እሷ ስትተርፍ ሁሉም ዘመዶቿ አልተረፉም። ናዚዎች በአይሁዶች ላይ በፈጸሙት እልቂት ከቤተሰቧ ሰዎች ሞተውባታል። ከጦርነቱ በኋላ፣ ወላጆቹን በዚያ እልቂት ያጣውን የወንድሟን ልጅ ወስዳ እንደ ልጇ አሳደገችው። እሷ ራሷ አላገባችም። ይህን የምናነሣው ስለ እናትነት የጻፈችውን ሁሉ ከመጽሐፍ ብቻ እንዳላገኘችው እንድናስታውስ ነው። የሰው ልጅ ማሳደግን፣ ሐዘን የደረሰበትን ልጅ አጠገብ ሆኖ መጠበቅን ታውቅ ነበር።

የወፈሩት ልጆች

ታሪኳ የሚጀምረው ከመክሳት ሳይሆን ከመወፈር ነው። በ1937 በኒው ዮርክ በጣም የወፈሩ ልጆችን ማጥናት ጀመረች። በጊዜው የነበሩ ብዙ ሐኪሞች እንዲህ ያለ ልጅ በአንጎል ሥር ያለችው ትንሽ ዕጢ በትክክል ስለማትሠራለት ነው የሚወፍረው ብለው ያምኑ ነበር። ሕክምናውም የዕጢ መድኃኒት መስጠት ነበር።

ሂልደ ልጆቹን አንድ በአንድ መዘነች፣ ቁመታቸውን ለካች፣ ዕድገታቸውን መረመረች። ያገኘችው ከተባለው ጋር አልገጠመም። ብዙዎቹ ልጆች ከእኩዮቻቸው ረዘም ያሉ ነበሩ፤ ለአካለ መጠን የሚደርሱትም በጊዜው ወይም ቀደም ብለው ነበር። የዕጢ ሕመም ያለበት ልጅ እንዲህ አያድግም። ስለዚህ ችግሩ ዕጢው አይደለም አለች።

ታዲያ ምንድን ነው? መልሱን ፍለጋ ወደ ልጆቹ ቤት ሄደች። ከአንዲት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ጋር ሆና ቤተሰቦቹን አጠናች፤ ጥናቱም በ1940 ታተመ። ብዙዎቹ ቤተሰቦች ከአውሮፓ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። እናቶቹ በልጅነታቸው ረሃብና እጦት አይተዋል። ለእነሱ ወፍራም ልጅ ማለት ድህነት የማይነካው ልጅ ማለት ነው። ልጁ ሲያለቅስ ምግብ፣ ሲፈራ ምግብ፣ ሲሰለች ምግብ፣ ሲቆጣም ምግብ ይሰጠዋል። ምግቡ የፍቅርን፣ የማጽናናትንና የጨዋታን ቦታ ሁሉ ይዞ ነበር። በልጁ እጅ የቀረ የራሱ የሆነ ነገር ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ብናስብ ጥሩ ነው። እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. የነበረውን ረሃብ የሚያስታውሱ እናቶች በመካከላችን አሉ። ልጅን አጥግቦ ማሳደር ለእኛ ትልቁ የፍቅር ቋንቋ ነው። ሂልደም ይህን ፍቅር አልነቀፈችም። ያሳሰባት ምግብ ብቸኛው ቋንቋ የሆነ ጊዜ ነው።

የአካል ሐኪም ሆና መቀጠል እንደማይበቃት የተረዳችው ያኔ ነው። ከ1941 እስከ 1943 በባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ የአእምሮ ሕክምና ተማረች። ከመምህሮቿ አንዷ ፍሪዳ ፍሮም ራይሽማን ነበረች። እሷም እንደ ሂልደ ከጀርመን የተሰደደች አይሁዳዊት ሐኪም ስትሆን፣ ሌሎች ተስፋ የቆረጡባቸውን ሕሙማን በትዕግሥት በማዳመጥ የታወቀች ነበረች። ሂልደ ወደ ኒው ዮርክ ስትመለስ ይህን ዘዴ ይዛ ተመለሰች። ስለ ውፍረት የጻፈችው ትልቅ መጽሐፍ በ1957 ወጣ።

ረሃብን ማወቅም ይማሩታል

ከእነዚህ ዓመታት ሥራዋ አንድ ትልቅ ሐሳብ ወጣ። ሕፃን ሲወለድ አንድ ነገር ቅር እንዳለው እንጂ ምን እንደሆነ አያውቅም። ያለቅሳል። እናቱ ልቅሶውን ሰምታ ትገምታለች፤ ርቦት ከሆነ ታጠባዋለች፣ በርዶት ከሆነ ትሸፍነዋለች፣ ፈርቶ ከሆነ አዝላ እሹሩሩ ትለዋለች። ግምቷ ብዙ ጊዜ ልክ ሲሆን ልጁ ቀስ በቀስ ይማራል። ይህ ረሃብ ነው፣ ይህ ብርድ ነው፣ ይህ ፍርሃት ነው ብሎ የገዛ አካሉን ማንበብ ይጀምራል።

ለማንኛውም ልቅሶ ያው ጡት፣ ያው ጡጦ የሚሰጠው ልጅ ግን ይህን መለየት ይቸግረዋል። ገና ሳይጠይቅ ሁሉ ነገር የሚዘጋጅለት ልጅም እንዲሁ ነው። ሲያድግ መቼ እንደራበው፣ መቼ እንደጠገበ፣ መቼ እንደደከመው፣ መቼ እንደተከፋ በራሱ መናገር አይችልም። ከውጭ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ልጅ አንዱ ከልክ በላይ ይበላል፤ ሌላዋ ጨርሶ መብላት ታቆማለች። ሂልደ ሁለቱን የአንድ ዛፍ ቅርንጫፎች አድርጋ አየቻቸው።

በቋንቋችን ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። አማርኛ ስሜትን የሚያኖረው ሆድ ውስጥ ነው። ስንከፋ ሆድ ይብሰናል፤ ስንተክዝ ሆዳችንን ባር ባር ይለዋል፤ የሚታገሥ ሰው ሆደ ሰፊ ይባላል፤ በደሉን የማይናገር ደግሞ ሆድ ይፍጀው ብሎ ይውጠዋል። ሴት ልጅን ስናሳድግ ብዙ ጊዜ የምናስተምራት ይህን የመጨረሻውን ነው። ሆዷ የሚፈጀው ነገር የበዛባት ልጅ ምግብ የምታስገባበት ቦታ ቢጠባት ሊገርመን አይገባም።

ሦስቱ ምልክቶች

ሂልደ ከሁሉ የምትታወቅበት ጽሑፍ በ1962 የታተመው ነው። ርዕሰ ጉዳዩ አኖሬክሲያ ነርቮዛ የሚባለው ሕመም ነው። በአብዛኛው ወጣት ሴቶችን ይይዛል፤ የያዛት ልጅ ሆን ብላ ምግብ እየቀነሰች እስክትሞት ልትከሳ ትችላለች። ከእሷ በፊት ሐኪሞች ሕመሙን ያውቁት ነበር፤ ብዙዎች የሚያተኩሩት ግን ባለመብላቱ ላይ ነበር። ሂልደ ከአለመብላቱ ሥር ሦስት ነገሮች አሉ አለች።

የመጀመሪያው የሰውነት ምስል መዛባት ነው። አጥንቷ የወጣ ልጅ መስታወት ፊት ቆማ ወፍራም ነኝ ትላለች። አትዋሽም፤ አታስመስልም። የምታየው እንደዚያ ነው። ስለዚህ መስታወት እያሳዩ መከራከር አይጠቅማትም።

ሁለተኛው አካል የሚልከውን መልእክት አለማወቅ ነው። ረሃቡም፣ ድካሙም፣ ብርዱም አይሰማትም፤ ወይም ተሰምቷት ምን እንደሆነ አትለየውም። ምንም ሳትበላ ስትሮጥና ስትሠራ ትውላለች።

ሦስተኛውን ሂልደ ከሁሉ የከበደ አድርጋ አየችው። በሕይወቷ ውስጥ በራሷ ፈቃድ ያደረገችው አንድም ነገር ያለ አይመስላትም። በትምህርቷ ጎበዝ፣ ለወላጆቿ ታዛዥ፣ ለእንግዳ ጨዋ ናት፤ ግን ሁሉንም የምታደርገው ሌሎች ስለፈለጉት እንደሆነ ይሰማታል። ማንም ሊያዛት የማይችልበት አንድ ቦታ ብቻ ይቀራታል፤ እሱም አፏ ነው። አልበላም ስትል በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ቃል የተናገረች ይመስላታል።

እዚህ ላይ የእናቶችን ግራ መጋባት እንረዳለን። ይህች ልጅ ዱርዬ አይደለችም። ብዙ ጊዜ እንዲያውም ጎረቤት ለልጁ ምሳሌ የሚያደርጋት፣ እሺ ባይዋ፣ ደብተሯ የማይጎድለው ናት። ለዚህ ነው ከመጀመሪያው ማንም የማይነቃባት።

ከወርቅ የተሠራው የወፍ ቤት

በ1964 ሂልደ ወደ ቴክሳስ ተዛውራ በሂውስተን ከተማ በቤይለር የሕክምና ኮሌጅ የአእምሮ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆነች። ስድሳ ዓመቷ ነበር። ሰው ጡረታ በሚያስብበት ዕድሜ ትልልቆቹን መጻሕፍቷን የጻፈችው እዚያ ነው። በ1973 ስለ አመጋገብ ሕመሞች ለሐኪሞች የሚሆን ሰፊ መጽሐፍ አሳተመች። በ1978 ደግሞ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለልጃገረዶቹ ራሳቸው በቀላል ቋንቋ የተጻፈ አነስ ያለ መጽሐፍ አወጣች። ርዕሱ ወፍ ስለሚታሰርበት፣ ከወርቅ ስለተሠራ ፍርግርግ ቤት ይናገራል። ሐሳቡን ያገኘችው ከአንዲት ታካሚዋ ነው። ልጅቷ በሀብታም ቤት አድጋ ራሷን ለዚያ ሁሉ ድሎት የማትመጥን፣ በወርቅ ቤት የተዘጋባት ተራ ድንቢጥ አድርጋ ትመለከት ነበር።

ይህን የሰማች ሐኪም ሁለት ነገር ማድረግ ትችል ነበር። ምን ጎደለሽና ነው ብላ ልትቆጣት ትችል ነበር፤ ብዙ ሰው ያደረገው ይህንን ነው። ሂልደ ግን ተቀምጣ ንገሪኝ አለቻት። ሕክምናዋ በዚህ ይለያል። በጊዜው የነበሩ አንዳንድ ሐኪሞች ለታካሚው የስሜቱን ትርጉም ራሳቸው ይነግሩት ነበር። ሂልደ ይህን ዘዴ ለእነዚህ ልጆች ጎጂ ነው አለች። ዕድሜ ልኳን ሌላ ሰው የሚሰማትን ሲነግራት ያደገች ልጅ፣ አሁን ደግሞ ሐኪም ሲነግራት ያው ወጥመድ ነው። የሐኪሙ ሥራ ልጅቷ የራሷን ስሜት ራሷ እስክታገኘው መጠየቅ፣ መጠበቅና ስታገኘውም አክብሮ መቀበል ነው ብላ አስተማረች።

ይህ ማለት ግን ምግቡን ቸል አለች ማለት አይደለም። በ1944 እና በ1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባለ ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ምግባቸውን በግማሽ ያህል ቀንሶባቸው ነበር። እነዚያ ጤነኛ ሰዎች ቁጡ ሆኑ፣ ከሰው ተለዩ፣ ቀንና ሌሊት ስለ ምግብ ብቻ ያስቡ ጀመር። ረሃብ ራሱ አእምሮን ይለውጣል ማለት ነው። ሂልደም ከልምዷ ይህንኑ አየች፤ በጣም የተራበች ልጅ ጋር ተቀምጦ ስለ ስሜቷ መነጋገር ፍሬ የለውም፤ መጀመሪያ ሰውነቷ ከአደጋ መውጣት አለበት ብላ ጻፈች። ምግብና ጆሮ አብረው ይሂዱ ነው ነገሩ።

በ1983 ካረን ካርፔንተር የተባለች ዝነኛ አሜሪካዊት ዘፋኝ በዚሁ ሕመም ሳቢያ በ32 ዓመቷ ስትሞት፣ ስለ ሕመሙ ሰምቶ የማያውቅ ሕዝብ ሁሉ ደነገጠ። ሂልደ ያኔ በሕይወት ነበረች፤ ከሃያ ዓመት በላይ ስታስጠነቅቅበት የቆየችው ነገር በየጋዜጣው ወጣ። በመጨረሻ ዘመኗ ፓርኪንሰን የተባለው ሕመም ይዟት እንኳ መጻፏን አላቆመችም። ዲሴምበር 15 ቀን 1984 በ80 ዓመቷ በሂውስተን አረፈች። ከታካሚዎቿ ጋር ያደረገችውን ንግግር የያዘ መጽሐፍም ከሞተች በኋላ በ1988 ታተመ።

ሁሉ ነገሯ ልክ ነበር ማለት አይደለም

የሰው ታሪክ ስንጽፍ ውዳሴ ብቻ መጻፍ ልማዳችን አይደለም። በሂልደ ሥራ ላይ የሚነሣው ዋናው ወቀሳ እናቶችን አብዝታ መውቀሷ ነው። ያየቻቸው ቤተሰቦች ወደ እሷ የመጡት ከተቸገሩ በኋላ ነው፤ ልጇ እየሞተችባት ያለች እናት ብትጨነቅና ብትቆጣጠር ሕመሙ ያመጣው እንጂ ሕመሙን ያመጣ ላይሆን ይችላል። ኋላ በመንታ ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ለዚህ ሕመም መጋለጥ በከፊል በዘር እንደሚወረስም አሳይተዋል። በለንደን በሞድስሊ ሆስፒታል የተጀመረው የቤተሰብ ሕክምና ደግሞ ወላጆችን ከጥፋተኛነት አውጥቶ ልጃቸውን መልሰው የሚመግቡ ዋና ረዳቶች አደረጋቸው፤ ለወጣቶችም ጥሩ ውጤት አስገኘ። ሕመሙ የሀብታም ልጆች ብቻ አለመሆኑም ዛሬ ታውቋል።

እናቶች ይህን በደንብ ይስሙልን። ልጅሽ መብላት ብታቆም አንቺ በደልሻት ማለት አይደለም። ከሂልደ የምንወስደው ወቀሳውን ሳይሆን ጆሮዋን ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ

እንዲህ ያለው ነገር የነጮች ነው፣ እኛ ጋ አይደርስም የሚል ሰው ይኖራል። በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችው ፊጂም እንደዚያ ትባል ነበር። በዚያ ደሴት ደንዳና ሰውነት ይወደሳል፤ እንግዳን አጥግቦ መመገብ ክብር ነው፤ የከሳ ሰው ሲያዩ ምን ነካው ብለው ይጨነቃሉ። ልክ እንደ እኛ ማለት ነው። በ1995 ናድሮጋ በተባለው አውራጃ ቴሌቪዥን ገባ። አን ቤከር የተባለች ተመራማሪ በዚያው ዓመትና ከሦስት ዓመት በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጃገረዶችን ጠየቀች። ስለ ምግብ ያላቸው አስተሳሰብ ለአደጋ የሚያጋልጣቸው ልጆች በመጀመሪያው ጊዜ ከመቶ 13 ያህል ነበሩ፤ በሁለተኛው 29 ያህል ሆኑ። የተጠየቁት በየጊዜው ከ60 የሚበልጡ ልጆች ብቻ ስለነበሩ ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ምልክቱ ግን ለእናት ይበቃል። ያኔ የገባው ቴሌቪዥን ነበር። ዛሬ በእያንዳንዷ ልጃችን እጅ ያለው ስልክ ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ፊትና ወገብ ያሳያታል።

የእኛም ሰላምታ ከዚህ አያመልጥም። ዘመድ ከሰነበተ በኋላ ስንገናኝ የመጀመሪያው ቃላችን ከሳሽ፣ ወፈርሽ፣ ጠቆርሽ፣ ቀላሽ ነው። በኤች አይ ቪ ክፉ ዘመን የከሳ ሰው ሁሉ በጥርጣሬ ይታይ ስለነበር መክሳት ያስፈራ ነበር። አሁን ደግሞ ስልኩ መወፈርን ያስፈራል። ልጅቷ በሁለቱ መካከል ቆማለች፤ አያቷ ብይ፣ ከሳሽ ስትላት እኩዮቿ ወፈርሽ ይሏታል። የእሷን ሆድ እሷ ምን ትላለች ብሎ የጠየቃት የለም።

ምግብ በእኛ አገር ከሆድ ያለፈ ነገር መሆኑን ሌላ አሜሪካዊ ምሁርም አስተውሎ ነበር። ዊሊያም ሻክ የጉራጌን የእንሰት ባህል በዚሁ በአገራችን ተቀምጦ አጥንቶ በ1966 መጽሐፍ አሳተመ። በ1971 ደግሞ ረሃብን፣ ስጋትንና የመንፈስ ልክፍትን አያይዞ ጻፈ። እንሰት ድርቅን የሚቋቋም፣ ቤቱን ከረሃብ የሚጠብቅ ተክል ሆኖ ሳለ፣ ማን ምን ያህል ይበላል፣ በማን ፊት ይበላል የሚለው ከክብርና ከጭንቀት ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳየ። እንሰቱን ፍቃ፣ ቆጮውን አዘጋጅታ፣ ክትፎውን ለእንግዳ አቅርባ፣ ራሷ በመጨረሻ የምትቀመስ ሴት ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልጋትም።

ስለ ጾምም አንድ ነገር እንበል። በሁለቱም ከተሞቻችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይጾማል። ጾም ከሰው ጋር ተገብቶ ከሰው ጋር የሚፈታ ነው፤ ፋሲካው አለ፣ ኢዱ አለ። ሁሉ ሲፈታ ብቻዋን የማትፈታ፣ በየሰበቡ ጾም የምትጨምር፣ በመስቀል እንኳ ከማዕድ የምትሸሽ ልጅ ካለች ግን በሃይማኖተኛነቷ ብቻ ተደስተን እንዳናልፋት።

ደስ የሚለው፣ የአእምሮ ጤና ምርምር ለአካባቢያችን አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በቡታጅራ የጤና ጥናት ጣቢያ ካቋቋመ ከ35 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከ1998 ጀምሮ ቤት ለቤት በተደረገው የአእምሮ ሕመም ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ከ68,000 በላይ ሰዎች ተጠይቀዋል። በኋላም ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ነፍሰ ጡሮች የእናት ጭንቀት በእናትና በሕፃን ላይ የሚያመጣውን ለማወቅ በተደረገ ጥናት ተካፍለዋል። ከአባሎቻችን መካከል መጠይቁን በር ላይ ቆመው የመለሱ ይኖራሉ። ዓለም ዛሬ በየመማሪያው የሚጠቅሰው የቡታጅራ ስም የተሠራው በእነዚያ መልሶች ነው።

ከዚህ ምን እንያዝ?

በወልቂጤና በቡታጅራ ቡድኖቻችን ተወያይተን የተስማማንባቸውን እናካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ስንገናኝ በሰውነት ሰላምታ መስጠት እንተው። ከሳሽ ወይም ወፈርሽ ከማለት፣ እንዴት ከረምሽ ብለን መልሱን ቆመን እንስማ።

ሁለተኛ፣ ማዕድ ላይ አንጣላ። ብዙ እናቶች የሚነጋገሩት ሳህኑ ፊት ነው፤ ያ ደግሞ ሁለቱም እልህ የሚጋቡበት ቦታ ነው። ወሬውን ለሌላ ሰዓት፣ ልብስ ስታጥፉ ወይም መንገድ ስትሄዱ አድርጉት። ምን ሆንሽ ከማለት ይልቅ ዛሬ ምን ደስ አለሽ፣ ምን አስከፋሽ ብላችሁ ጀምሩ። መልስ ካልመጣም ነገ ደግሞ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ሴት ልጆቻችን አልፈልግም ማለትን በትንንሹ ይለማመዱ። የምትለብሰውን፣ ከማን ጋር እንደምታጠና፣ መቼ እንደምታርፍ ራሷ የምትወስን ልጅ፣ የራሷን ቃል ለማግኘት ሆዷን ማስራብ አያስፈልጋትም።

አራተኛ፣ አደጋውን እንወቅ። ፈጥና የከሳች፣ የወር አበባዋ የቆመ፣ ሁልጊዜ የሚበርዳት፣ ራሷን የሚያዞራት ወይም የምትወድቅ፣ በልታ የምታስመልስ ልጅ ምክር ብቻ አይበቃትም። ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ በቡታጅራ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለ። ይህ ሕመም ሰው ይገድላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን ይድናል።

ለደጋፊዎቻችን አንድ መልእክት አለን። እስካሁን የሰጣችሁን ብድር ወደ ዶሮ፣ ወደ በርበሬ፣ ወደ ጉልት ንግድ ሄዶ ብዙ ቤት አቁሟል። አሁን የምንጠይቀው ለልጃገረዶች የሚሆን አንድ ክፍል ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ተሰብስበው፣ የሚሰማቸው ታላቅ እህት አግኝተው የሚጫወቱበት። ማዳመጥ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ ቦታና ጊዜ ግን ይፈልጋል።

ለአባሎቻችን ደግሞ፣ በሚቀጥለው የቁጠባ ቀን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። ቡናው ከሒሳቡ በፊት ይቀርባል፤ ወሬውን የሚጀምሩትም እነሱ ናቸው።